የእሳት አደጋ ግቢንና የደሴን የድሮ ሕንፃዎች ፎቶ ማንሳት፦ ሳትከለከሉ፣ ግድግዳው ሳይዘም

ደሴ ውስጥ ፎቶ የሚያነሱ ወጣቶች ሥራቸውን ሲያሳዩኝ ሦስት ችግር ደጋግሞ ይመጣል። ሕንፃው ወደ ኋላ ዘሞ ሊወድቅ የደረሰ ይመስላል። ሰማዩ ነጭ ወረቀት ሆኗል። ሦስተኛው የባሰ ነው፤ ፎቶው ጭራሽ የለም። በር ላይ ተከልክለው ተመልሰዋል፣ ወይም ያነሱትን ሰርዙ ተብለዋል።

ሦስቱም ካሜራው ከቦርሳ ሳይወጣ የሚፈቱ ናቸው። ስለዚህ የዚህ መመሪያ ግማሹ ዝግጅት ነው። እሱን ዘላችሁ ወደ ማንሳቱ አትሂዱ።

ምሳሌ የማደርገው የእሳት አደጋ ግቢን ነው። ከሁሉም የሚከብደው እሱ ስለሆነ ነው። የመንግሥት ግቢ ነው፣ ሌት ተቀን ሥራ ላይ ነው፣ በማንኛውም ደቂቃ መኪና ሊወጣበት ይችላል። እሱን በሥርዓት ያነሳ ሰው አይጠየፍ አዳራሽንም፣ ደሴ ሙዚየምንም፣ መርሆ ግቢንም፣ የፒያሳን የድሮ ፎቆችም ማንሳት አያቅተውም። ኮምቦልቻ የምትኖሩም ይሄው ቅደም ተከተል ይሠራላችኋል።

ደረጃ 1፦ የምታነሱትን በወረቀት ጻፉ

«ሄጄ አያለሁ» አትበሉ። ሄዶ የሚያይ ሰው ሃያ ጊዜ ያንኑ በር አንስቶ ይመለሳል።

ለአንድ ጠዋት ሁለት ቦታ ይበቃል። ሦስተኛው ላይ ስትደርሱ ብርሃኑ አልፏል፣ እናንተም ደክማችኋል።

የእሳት አደጋ ጣቢያ ከሆነ እነዚህን ፈልጉ፦

1. የመኪና ማደሪያው ሰፊ በሮች። የድሮ ጣቢያ በትንንሽ መኪና ዘመን ስለተሠራ፣ በኋላ በሩ የሰፋበት ወይም ከፍ የተደረገበት ምልክት ብዙ ጊዜ ግድግዳው ላይ ይታያል። አዲሱ ሲሚንቶና አሮጌው የተገናኙበትን መስመር አንሱት።
2. የቱቦ ማድረቂያ ማማ ካለ። ድሮ የውሃ ቱቦ ከሸራ ይሠራ ነበር። እርጥቡን ከተጠቀለለ ይበሰብሳል። ስለዚህ በብዙ አገር የድሮ ጣቢያዎች ቱቦውን በቁሙ ሰቅለው የሚያደርቁበት ረጅም ማማ አላቸው። ማማ ባይኖርም ቱቦ የሚሰጣበትን ቦታ ጠይቁና አንሱ።
3. ደወሉ ወይም ሳይረኑ የተሰቀለበት ቦታ።
4. የወለሉ ውሃ መውረጃ፣ የቱቦ መጋጠሚያዎች፣ መሰላሎች፣ የተሰቀሉ ቆቦች።
5. የድሮ ጽሑፍና ቁጥር። ቀለም የተቀባበት ከሆነ ከጎን በሚመጣ ብርሃን ከሥሩ ያለው ፊደል ብቅ ይላል።

ሕንፃው አዲስ ሆኖ ካገኛችሁት አትመለሱ። መኪናውና ዕቃው ራሱ ዕድሜ አለው። ከግቢው ውጭ ደግሞ እሳት አደጋ የሚጠብቀው ከተማ አለ። የደሴ የድሮ ቤት እንጨት፣ ጭቃና ቆርቆሮ ነው፤ ቤት ከቤት ተጠጋግቶ በጠባብ መንገድ። ትልቅ መኪና የማይገባበት ቅያስ ፎቶ ከማማው ፎቶ ያላነሰ ይናገራል።

ደረጃ 2፦ ፈቃዱን ጨርሱ

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። ከመንገድ ላይ ዙም አድርጎ ማንሳት ቀላል ይመስላል። አታድርጉት። የመንግሥት ግቢን ተደብቆ የሚያነሳ ሰው ይጠረጠራል፤ በአካባቢያችን ካለው የጸጥታ ሁኔታ አንጻር መጠርጠሩም አይገርምም።

በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ፦

1. ካሜራ ሳትይዙ ወደ ግቢው ሂዱ። በሩ ላይ ያሉትን ጠይቁ፤ «ፎቶ ለማንሳት ደብዳቤ ለማን ነው የሚጻፈው?» መልሱ የቢሮውን ሙሉ ስም ይሰጣችኋል። የቢሮዎች ስም ስለሚቀያየር ካለፈው ዓመት ደብዳቤ ላይ አትገልብጡ።
2. ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ ጻፉ።
3. በመዝገብ ቤት ገቢ አድርጉ። ሁለተኛው ቅጂ ላይ ቀንና ማኅተም አስመቱ። ይሄን ቅጂ አትጣሉት።
4. ኃላፊው ደብዳቤውን ለማን እንደመሩት ጠይቁ። ደብዳቤ የሚጠፋው ከተመራ በኋላ ነው። የተመራለትን ሰው በአካል አግኙት።
5. የተፈቀደበትን ወረቀት ተቀበሉ። በቃል «እሺ፣ አንሳ» ከተባላችሁ በትሕትና በጽሑፍ እንዲሆን ጠይቁ።
6. በዕለቱ ማን ተረኛ እንደሆነ ጠይቁና ፈቃዱ እንዲነገረው አድርጉ።

ስድስተኛውን አትዝለሉ። እኔ አንድ ጊዜ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይዤ በማለዳ ሄድኩ። በሩ ላይ የነበረው ተረኛ ስለ ደብዳቤው የሰማው ነገር አልነበረም። ቢሮ ደግሞ ገና አልተከፈተም። እስኪደወል፣ እስኪጣራ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ። ስገባ ፀሐይዋ ከፍ ብላ ነበር። ተረኛው ትክክል ነበር፤ ያልጨረስኩት እኔ ነኝ።

ደብዳቤው አጭር ይሁን። ይህን ወስዳችሁ በራሳችሁ ሙሉት፦

*ቀን …………*
*ለ………… ጽ/ቤት*
*ደሴ*

*ጉዳዩ፦ ፎቶ ለማንሳት ፈቃድ ስለመጠየቅ*

*ከላይ በርዕሱ እንደተገለጸው እኔ ………… የ………… ቀበሌ ነዋሪ ስሆን፣ በከተማችን ያሉ የድሮ ሕንፃዎችን በፎቶ መዝግቦ የማስቀመጥ ሥራ ጀምሬአለሁ። በመሆኑም በ………… ቀን ከጠዋቱ 1፡00 እስከ 2፡30 ሰዓት የግቢውን ሕንፃ ከውጭና ከውስጥ፣ እንዲሁም የቆሙ ተሽከርካሪዎችን ፎቶ እንዳነሳ ይፈቀድልኝ ዘንድ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ቪዲዮ አልቀርጽም፤ ድሮን አልጠቀምም። የሠራተኞችን ፊት ያለ ፈቃዳቸው አላነሳም። የሥራ ጥሪ ሲመጣ ወዲያው አቋርጣለሁ። የፎቶዎቹን ቅጂ ለጽ/ቤቱ አስረክባለሁ።*

*ከሰላምታ ጋር*
*ስም፣ ፊርማ፣ ስልክ ቁጥር*

ሰዓቱን ቆርጣችሁ ጻፉ። «በሚመቸኝ ጊዜ» የሚል ደብዳቤ ማንም ደፍሮ አይፈርምበትም። የማታደርጉትን መዘርዘርም ይጠቅማል፤ የኃላፊው ስጋት እዚያው ይቀላል።

*ደብዳቤው ከተጓተተ፦* በሦስተኛው የሥራ ቀን በአካል ሂዱ። ገቢ የተደረገበትን ቅጂ አሳዩ። አትነታረኩ። «ጋሼ፣ የጎደለ ነገር ካለ ላሟላ» በሉ። ብዙ ጊዜ የጎደለው የመታወቂያ ኮፒ ነው።

*ከተከለከላችሁ፦* ምክንያቱን ጠይቁና ጥያቄያችሁን አሳንሱ። ውስጥ ካልተፈቀደ ፊት ለፊቱን ብቻ ጠይቁ። እሱም ካልሆነ ተዉት። ሌላ ዓመት ሌላ ኃላፊ ይመጣል።

*ድሮን፦* ቤት ይቅር። ድሮን የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ፈቃድ ይፈልጋል፤ የከተማ ደብዳቤ አይተካውም።

ለሙዚየም፣ ለቤተ ክርስቲያንና ለመስጊድ ግቢ ፈቃዱ የየራሱ ነው። አንዱን ደብዳቤ ሌላው ጋ ይዛችሁ አትሂዱ።

ደረጃ 3፦ ፀሐይዋን ቀድማችሁ አጥኑ

ደሴ በሁለት ከፍታ መሀል ያለች ከተማ ናት። በስተምዕራብ ጦሳ፣ በስተምሥራቅ አዝዋ ገደል። ለፎቶ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ጠዋት ፀሐይዋ ከአዝዋ ገደል ጀርባ ዘግይታ ነው የምትወጣው። ማታ ደግሞ ጦሳ ቀድሞ ይውጣታል። ስልካችሁ «ፀሐይ የምትጠልቀው 12 ሰዓት ነው» ቢላችሁ አትመኑት፤ ጦሳ ሥር ያለው ሰፈር ከዚያ ብዙ ቀድሞ ጥላ ውስጥ ይገባል።

እንዲህ አድርጉ፦

1. ከቀጠሮው ቢያንስ ሁለት ቀን በፊት ወደ ቦታው ሂዱ። ካሜራ አትያዙ።
2. ፊታችሁን ወደ ሕንፃው አዙራችሁ የስልካችሁን ኮምፓስ ክፈቱ። ኮምፓሱ ምዕራብ ካለ የሕንፃው ፊት ወደ ምሥራቅ ነው፤ ጠዋት ኑ። ምሥራቅ ካለ ከሰዓት ኑ። ከቆርቆሮ አጥርና ከመኪና ራቅ በሉ፤ ብረት ኮምፓስን ያሳስታል።
3. ፀሐይ ግድግዳውን ስንት ሰዓት ላይ እንደነካችው ጻፉ። ከሰዓት ከሆነ ጥላው ስንት ሰዓት እንደደረሰበት ጻፉ።
4. የመብራት ምሰሶና ዛፍ ጥላቸውን የት እንደሚጥሉ እዩ። የምሰሶ ጥላ በር መሀል ላይ ከወደቀ ቀጠሮውን በ20 ደቂቃ ማንቀሳቀስ ይበቃል።

ፊቱ ወደ ሰሜን የሆነ ሕንፃ ብዙ ሰው ያስቸግራል። «ሁልጊዜ ጨለማ ነው» ይላሉ። ምክንያቱ ይሄ ነው። ደሴ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። ስለዚህ አብዛኛውን ዓመት የቀትር ፀሐይ በስተደቡብ በኩል ታልፋለች። በስተሰሜን የምታልፈው ከሚያዝያ አጋማሽ ገደማ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ብቻ ነው። የሐምሌና የነሐሴ ሰማይ ደግሞ ደመና ነው። የቀራችሁ ግንቦትና ሰኔ ነው ማለት ነው። ያኔ መምጣት ካልቻላችሁ ቀጭን ደመና ያለበትን ቀን ምረጡ፤ ብርሃኑ ከየአቅጣጫው ስለሚመጣ ሰሜኑም ደቡቡም አንድ ዓይነት ይሆናል።

ለጠራ ሰማይ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ ይመቻል። በክረምት ጉም ከተማውን ሙሉ ሊሸፍነው ይችላል። ጉም ለሕንፃ ዝርዝር አይሆንም፤ ለአጥርና ለበር ግን ቆንጆ ነው። ዝናብ ገና ሲያባራም አየሩ አቧራ የለውም፣ እርጥብ ድንጋይ ቀለሙን ያወጣል። በዚያች ግማሽ ሰዓት ያነሳኋቸው ፎቶዎች እስካሁን ከሌሎቹ ይበልጡብኛል።

ቀኑንም ምረጡ። ሰኞ የገበያ ቀን ስለሆነ ሰኞ ገበያ አካባቢ መቆሚያ የለም። አርብ በጁምዓ ሰዓት ሸዋ በር መስጊድ ዙሪያ ካሜራ አታውጡ፤ ሰው ለጸሎት ነው የመጣው።

ደረጃ 4፦ ቦርሳ

ስልክ ብቻ ያላችሁ አትጨነቁ። ባለ 12 ሜጋፒክስል ስልክ 20 በ30 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ጥሩ ኅትመት ይበቃል።

ያዙ፦ የተፈቀደበት ደብዳቤ ከነኮፒው፣ መታወቂያ፣ ሙሉ ቻርጅ፣ ፓወር ባንክ፣ ለስላሳ ጨርቅ፣ ደብተርና እስክሪብቶ። ካሜራ ካላችሁ ተጨማሪ ባትሪና ሜሞሪ። ማለዳ ብርድ ስላለ ባትሪውን ኪሳችሁ ውስጥ አሙቁት፤ የቀዘቀዘ ባትሪ ቶሎ ይደክማል።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በማለዳ የምትወርዱ ከሆነ ካሜራውን እንደደረሳችሁ አታውጡ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም የከፍታው ልዩነት ከ600 ሜትር በላይ ነው፤ ታች ይሞቃል። የቀዘቀዘ ሌንስ ላይ ጤዛ ሊይዝ ይችላል። ቦርሳው ተዘግቶ 15 ደቂቃ ይቆይ።

ደረጃ 5፦ በዕለቱ፣ በር ላይ

1. ከቀጠሮው 15 ደቂቃ ቀድማችሁ ድረሱ።
2. ባጃጁን ወይም መኪናውን በሩ ፊት አታቁሙ። ለአንድ ደቂቃም ቢሆን።
3. ካሜራው ቦርሳ ውስጥ ይቆይ። ደብዳቤው እጃችሁ ላይ ይሁን።
4. ሰላምታ ቀድሞ ይምጣ። «እንደምን አደሩ ጋሼ። ለፎቶ ተፈቅዶልኝ ነው፤ ደብዳቤው ይኸው።» ከዚያ ዝም በሉ። ያንብቡት።
5. ሲጨርሱ አንድ ነገር ጠይቁ፤ «እንዳልቆም የምትፈልጉት ቦታ የት ነው?» ይሄ ጥያቄ በር ይከፍታል። ወዲያው «አብሽር፣ ግባ» ይባላል። ደግሞም መልሱ በእውነት ያስፈልጋችኋል።

*ተቆጥቶ የሚመጣ ሰው ካለ፦* ካሜራውን ዝቅ አድርጉ። ደብዳቤውን አሳዩ። «ሰርዝ» ያላችሁ የጸጥታ አካል ወይም የግቢው ኃላፊ ከሆነ እሱ እያየ ሰርዙ። እዚያ ላይ ክርክር አይረዳም። በማግሥቱ ደብዳቤውን ይዛችሁ ቢሮ ሂዱ።

ደረጃ 6፦ ግድግዳውን ቀጥ አድርጉ

ሕንፃ የሚዘመው ስልኩን ወደ ላይ ስለምታንጋጥጡት ነው። ሥሩ ቆማችሁ አናቱን ለማስገባት ስትሞክሩ ስልኩ ወደ ኋላ ይጋደማል፤ ግድግዳውም አብሮ ይጋደማል። መፍትሔው መራቅ ነው።

1. ሕንፃው ቁመቱ ስንት እንደሆነ ገምቱ። አንድ ፎቅ 3 ሜትር ገደማ ብላችሁ ያዙ።
2. የቁመቱን አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ራቁ። 9 ሜትር ከሆነ 13 ወይም 14 ሜትር። ሰፋ ያለ እርምጃ 1 ሜትር ያህላል፤ እየቆጠራችሁ ሂዱ።
3. ስልኩ ላይ የመስመር መረቡን ክፈቱ።
4. ስልኩን በቁመት ያዙት። ግድግዳው ከመረቡ መስመር ጋር ትይዩ እስኪሆን ድረስ ሳታንጋጥጡ ያዙ። ከታች ብዙ አስፋልት ይገባል። ይግባ፤ በኋላ ይቆረጣል።
5. 0.5 የሚለውን ሰፊ ሌንስ አትጠቀሙ። ጠርዞችን ይለጥጣል፣ በሩን ያወፍራል። 1 ላይ አንሱ። ቦታ ካለ ራቅ ብላችሁ 2 ላይ።

የደሴ ዳገት እዚህ ላይ ባለውለታችሁ ነው። ከሕንፃው ፊት ለፊት ያለው መሬት ከፍ ያለ ከሆነ ወደ ላይ ውጡ። ዓይናችሁ ከሕንፃው ቁመት መሀል ጋር እኩል ሲሆን ምንም ማንጋጠጥ አያስፈልግም፣ ግድግዳው በራሱ ቀጥ ይላል። ሜዳ ላይ ያሉ ከተሞች ለዚህ መሰላል ይፈልጋሉ። ፊት ለፊት ፎቅ ላይ ካፌ ካለ ባለቤቱን አስፈቅዱና ከበረንዳው አንሱ። ጣሪያ ላይ ግን አትውጡ፤ የመብራት ሽቦ በብዙ ቦታ ለቆርቆሮ ጣሪያ በጣም ቅርብ ነው።

*ቦታው ጠባብ ሆኖ መራቅ ካልተቻለ፦* ከማዕዘኑ ሁለት ጎን የሚያሳይ አንሱ። ወይም ሕንፃውን በሦስት ክፍል አንሱት። ዘሞ ከሚወጣ ሙሉ ፎቶ ቀጥ ያለ ግማሽ ይሻላል።

ደረጃ 7፦ ብርሃኑን ቁረጡ

ሰማዩ ነጭ የሚሆነው ስልኩ ለጨለማው ግድግዳ ሲያዝን ነው። ጣታችሁን ስክሪኑ ላይ፣ ሰማይና ጣሪያ በሚገናኙበት ቦታ ተጭናችሁ ያዙ። ትኩረቱ ይቆለፋል። ከዚያ የፀሐይ ምልክቷን ትንሽ ወደ ታች ጎትቱ። ፎቶው ጨለም ያለ ይመስላል። አይዟችሁ፤ ጨለማ በኋላ ይነሳል፣ የነጣ ሰማይ ግን አይመለስም።

ካሜራ ያላችሁ አይኤስኦ (ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ ኤፍ (የሌንሱ ቀዳዳ) 8 ላይ ጀምሩ። ሻተሩ (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) ከ1/125 ሰከንድ እንዳይወርድ። ከዚያ አንድ ጨለም ያለ፣ አንድ ፈካ ያለ ጨምሩ።

ሁለት ነገር ደግሞ ልብ በሉ።

የእሳት አደጋ መኪና ቀይ ነው። ስልክ ቀይ ላይ ያብዳል፤ ቀለሙ ተጋግሮ የበሩ መስመር፣ የጽሑፉ ጠርዝ ይጠፋል። ብርሃኑን ከግድግዳው በበለጠ ቀንሱለት። በቀጥታ ፀሐይ ላይ ከቆመ ጥላ ውስጥ እስኪገባ ጠብቁ። መኪናውን አንቀሳቅሱልኝ አትበሉ። ፍላሽ አጥፉ፤ አንጸባራቂ መስመሮቹ ፍላሽ ሲነካቸው ነጭ ብርሃን ብቻ ይሆናሉ።

ሁለተኛው ቆርቆሮ ነው። ከሩቅ ሲነሳ መስመሮቹ ስክሪኑ ላይ የውሃ ሞገድ የመሰለ ዝንጉርጉር ያመጣሉ። ሁለት እርምጃ ቅረቡ ወይም ራቁ፣ እንደገና አንሱ።

ደረጃ 8፦ የማንሳት ተራ

በዚህ ተራ አንሱ። ሥራው መሀል ላይ ቢቋረጥ ዋና ዋናው በእጃችሁ ይኖራል።

1. ፊት ለፊት፣ ሙሉ ሕንፃ።
2. ማዕዘን፣ ሁለት ጎን በአንድ ላይ።
3. ሕንፃው ከነሰፈሩ፤ መንገዱ፣ ጎረቤቱ፣ ከተቻለ ጦሳ ከኋላ።
4. የመኪና ማደሪያው በሮች፣ አንድ ተከፍቶ አንድ ተዘግቶ ካለ።
5. መኪናው።
6. ዝርዝሮች፤ እጀታ፣ ቁጥር፣ ደወል፣ ቱቦ፣ ስንጥቅ።
7. ከውስጥ ወደ ውጭ።

ሰባተኛው አስቸጋሪ ነው። ውስጡ ጨለማ፣ ውጭው ብርሃን። ቆማችሁ ሁለት ጊዜ አንሱ፤ አንዱን ለውጭው፣ አንዱን ለውስጡ። የማይንቀሳቀስ ነገር ላይ ተደገፉ። የክፍሉ ፍሎረሰንት ወይም ኤልኢዲ መብራት በርቶ ከሆነና ፎቶው ላይ ጥቁር መስመሮች ከታዩ ሻተሩን ወደ 1/50 አውርዱ።

ለእያንዳንዱ ቦታ ስትቆሙ ደብተር ላይ አንድ መስመር ጻፉ፤ የት እንደቆማችሁ፣ ወደ የት እንደምታዩ፣ ሰዓቱን። ማታ ትጽፉታላችሁ ብላችሁ አታሳድሩት።

ሳይረን ከጮኸ

ይህን ከመግባታችሁ በፊት አንብቡት።

1. ማንሳት አቁሙ። ያ ፎቶ ይቅር።
2. ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) ካላችሁ አንሱት፤ ማጠፍ አያስፈልግም፣ ይዛችሁት ሂዱ።
3. ቅርብ ወዳለው ግድግዳ ሂዱና ጀርባችሁን አስጠጉ። የበሩን ፊት አታቋርጡ። ወደ ውጭ አትሩጡ፤ መኪናውም የሚሄደው ወደዚያው ነው።
4. መጨረሻው መኪና ወጥቶ በሩ እስኪዘጋ አትንቀሳቀሱ።
5. ተከትላችሁ አትሂዱ። ቤቱ እየተቃጠለ ያለ ሰው ካሜራ ማየት የለበትም።

5,000 ሊትር የጫነ ቦቴ ውሃው ብቻ 5 ቶን ይመዝናል። ደሴ ደግሞ ዳገትና ቁልቁለት ናት። ሹፌሩ ለእናንተ ብሎ የሚያባክናት እያንዳንዷ ሰከንድ ከአንድ ቤተሰብ ላይ ናት የምትቆረጠው።

ሲመለሱ ደክመው ነው የሚመለሱት። የቀረውን ለሌላ ቀን አዙሩ። ራሳቸው «ቀጥል» ካሉ ቀጥሉ።

ሰው ስታነሱ

ጠይቁ፣ መልሱን ጠብቁ፣ ከዚያ አንሱ። የአዳር ተረኛ የተኛበትን ክፍል አታንሱ። የቆየ ሠራተኛ ካለ ከፎቶው በፊት ቁጭ ብላችሁ አውሩ፤ የትኛው በር መቼ እንደሰፋ፣ ደወሉ የት ይሰቀል እንደነበር ከእሳቸው በቀር የሚያውቅ ላይኖር ይችላል። የነገሯችሁን ጻፉ፣ «እንዲህ ነው የነገሩኝ» ብላችሁ።

ሰሌዳ ቁጥር፣ የግድግዳ ላይ ስልክ ዝርዝር፣ የተረኛ ስም ሰሌዳ ፎቶው ውስጥ ከገባ ከማውጣታችሁ በፊት ሸፍኑት።

ደረጃ 9፦ ቤት ስትመለሱ

መጀመሪያ ቅጂ፣ ከዚያ ማስተካከል። ፎቶውን ሁለት የተለያዩ ቦታዎች አስቀምጡ፤ ለምሳሌ ኮምፒውተርና ጎግል ድራይቭ። ለጓደኛ በቴሌግራም ስትልኩ በፎቶ መልክ ሳይሆን በፋይል መልክ ላኩ፤ በፎቶ መልክ ከተላከ ያሳንሰዋል።

ትንሽ የዘመመ ግድግዳ ካለ ስናፕሲድ የሚባለው የስልክ መተግበሪያ ላይ ማስተካከያ አለ። በትንሹ ተጠቀሙ። በጣም ከጎተታችሁት ሕንፃው ከላይ ሰፍቶ ከታች ይቀጥናል። የመብራት ሽቦ አታጥፉ። አስቀያሚ ቢሆንም በዚያ ዓመት እዚያ የነበረ ነው፤ የምትሠሩት ማስረጃ ነው። የደሴ ሙዚየም በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ጊዜ ተዘርፏል። እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ የቀድሞውን መልክ የሚያሳየው ሳይነካካ የተቀመጠ ፎቶ ነው።

ለፋይሉ ስም ቀኑን አስቀድሙ፦ 2018-02-12_ደሴ_ፒያሳ_ምሥራቅ-ፊት_01። ይሄ ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም. ማለት ነው። ወሩን በቁጥር ስትጽፉ ፋይሎቹ በራሳቸው ይደረደራሉ። ካሜራው ውስጥ የሚመዘገበው የፈረንጅ ቀንና ሰዓት ስለሆነ መግለጫው ላይ ሁለቱንም ጻፉ። ሰዓቱን ሳትለዩ ከተዋችሁት ከአሥር ዓመት በኋላ የጠዋቱ 1 ሰዓት ከሌሊቱ 7 ሰዓት ጋር ይምታታል።

መግለጫው ውስጥ አራት ነገር ይበቃል፤ ምን እንደሆነ፣ የት እንደሆነ፣ የትኛው ፊቱ እንደሆነ፣ መቼ እንደተነሳ። የተሠራበትን ዓመት በወረቀት ካላያችሁ አትጻፉ። አንድ ሰው በግምት የጻፈውን ዓመት ሌላው ይገለብጠዋል፣ ከዚያ ማንም አያርመውም።

በመጨረሻ የገባችሁትን ቃል ፈጽሙ። ፎቶዎቹን ፍላሽ ላይ ገልብጡ፣ ከመካከላቸው አንዱን አሳትሙ፣ ከአጭር ሸኚ ደብዳቤ ጋር በዚያው መዝገብ ቤት ገቢ አድርጉ። ለበሩ ተረኛም አንድ ቅጂ ስጡ። ከዚያ የቆማችሁበትን ቦታ ከደብተሩ አውጥታችሁ ስልካችሁ ካርታ ላይ ምልክት አድርጉበት። በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ወር፣ በዚያው ሰዓት፣ እዚያው ቆማችሁ ደግማችሁ ታነሱታላችሁ።